ነቀዝ ያልነካው ጎታ

«ከምነግራችሁ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ውሸት ብትገኝ፣ ይህ ፍል ውሃ እንደ እንቁላል ይቀቅለኝ!» አለ ፋንታው፣ ጣቱን ወደሚጨሰው ምንጭ ቀስሮ። «ደግሞ ለብ ለብ አድርጎ አይደለም። አስኳሌ እስኪደርቅ!»

የወንዛዬ ፍል ውሃ እንዲህ ያለ መሐላ ስንቱን ሰምቷል፤ እስካሁን ግን ማንንም አልቀቀለም። ታጥቦ የወጣ ሰው ሁሉ ከሸራው ዳስ ሥር ይሰበሰብና፣ በብርድ ልብስ እስከ አፍንጫው ተጀቡኖ ላቡ እስኪደርቅ ይቀመጣል። ራሱን የገለጠ ካለ «ተከናነብ! ብርድ ይመታሃል!» እያሉ መቆጣት ነው የቀረው ሥራ። ስለዚህ እዚያ ዳስ ውስጥ ወሬ ያለው ሰው መድኃኒት ካለው ይበልጣል። ፋንታው ጉልበቱን ሊታጠብ ከደብረ ታቦር ከመጣ ወዲህ ደግሞ፣ ጉልበቱ ባይሻለውም፣ የዳሱ ሐኪም እሱ ሆኗል።

ፋንታው ቪዲዮ ቤት አለው። ሠርግ ይቀርጻል፣ ክርስትና ይቀርጻል። እሱ እንደሚለው ከፋርጣ እስከ ጋይንት ያለች ሙሽራ በእሱ ካሜራ ፊት ካላለፈች ገና እንዳላገባች ትቆጠራለች። ዕድሜው ሃምሳን እየገፋ ነው፤ ጢሙን ግን ቀለም ስለሚቀባው ጢሙ ከእሱ በሃያ ዓመት ያንሳል።

ፊት ለፊቱ ወገባቸውን ሊታጠቡ የመጡት የእብናቱ ከብት ነጋዴ አያ ይሻው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የሐሙሲቷ ፈንታነሽ አለች፤ ምላሷ ገበያ ላይ ከምትሸጠው በርበሬ ይፋጃል። ከምሰሶው ሥር ደግሞ ትናንት ማታ የደረሰች አንዲት ሴት፣ ብርድ ልብሷን እስከ ቅንድቧ ስባ ጋደም ብላለች። ትተኛ ትስማ ማንም አላወቀም።

«በቤቴ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር ነበረ» ብሎ ጀመረ ፋንታው።

«ከትናንት ወዲያ ስምንት ነበር ያልከን» አለች ፈንታነሽ።

«ከትናንት ወዲያ የነገርኩሽ የተቀመጡትን ነው። ዛሬ የቆሙትንም ጨመርኩ።»

አያ ይሻው ሳቃቸው ወገባቸውን ወጋቸውና «ተው አንተ ሰው፣ ልታጠብ እንጂ ልሰበር አልመጣሁም» አሉ።

«ይስሙኝ እንጂ አያ ይሻው። አሥራ ሁለቱም የየራሳቸው ማጀት የላቸውም። ፊልሙ ሁሉ የሚቀመጠው ከጓዳ ባለው አንድ ትልቅ ማሽን ላይ ነው። ሌላው ሰው ሰርቨር ይለዋል፤ እኔ ጎታ ነው የምለው። አባቴ ጤፉን በጎታ እንደሚያኖር፣ እኔም የሰውን ሠርግ በጎታ አኖራለሁ። ከጎታው ወደየኮምፒውተሩ ገመድ ይሄዳል። ሥራ የያዘው ኮምፒውተር በገመዱ እጁን ሰደድ አድርጎ ይዘግናል፣ ይሠራል፣ ይመልሳል።»

«ሌባ የገባ ለታስ?» አሉ አያ ይሻው።

«ሌባ በገባልኝ! የገባውማ ነቀዝ ነው።»

እንዲህ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወሬው ከሚሳቅበት ወደሚታዘንበት የሚያልፈው እዚህ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ስንቴ አውርቶታል።

«ከዚያ ሁሉ ሠርግ መካከል አንዲት ቁራጭ ነበረች» አለ። «ከጉና ሥር ዋልልኝ የሚባል ልጅ ሲዳር እኔ ነኝ የቀረጽኩት። ምሳ ተበልቶ ሰዉ ሲጨፍር፣ የልጁ እናት እማማ ዓለሚቱ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሴት ልጃቸው ሸዋነሽ ሪያድ ናት፤ የሰው ቤት ትሠራለች፤ ለወንድሟ ሠርግ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። ‹ልጄን ልመርቃት፣ በዚህ ነገርህ ያዝልኝና ላክላት› አሉኝ። ሰው ፊት መናገር ያፍራሉ። ስለዚህ ሕፃኑንም ውሻውንም አባረርኩ። እሳቸው፣ እኔና ካሜራው ብቻ ቀረን። መረቁ። አያ ይሻው፣ እኔ ጳጳስ ሲመርቅ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አልሰማሁም!»

«ላክላት ታዲያ?» አለች ፈንታነሽ።

ፋንታው ሳል ቢጤ ያዘው። ዛሬ እልከዋለሁ፣ ነገ እልከዋለሁ ሲል ክረምቱ እንደገባ፣ በክረምቱም እማማ ዓለሚቱ እንዳረፉ በዚህ ወሬ ውስጥ አይነገርም። ቶሎ ብሎ አለፈው።

«ኔትወርክ የት አለና! በኋላ እናትየዋ አረፉ። ልጅቱ ከሪያድ ደወለች። ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ‹ጋሼ፣ ቀብሯ አመለጠኝ። ምርቃቷ እንዳያመልጠኝ፤ መምጣቴ ነው፣ ያኑሩልኝ› አለች።»

እናቱ ሳትመርቀው የቀረ ልጅ አጥር የሌለው ማሳ መሆኑን እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። አያ ይሻው «እህህ» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቁራጯን ላዘጋጅ ብዬ አንዱን ኮምፒውተር ወደ ጎታው ሰደድኩት። እጁን እንደሰደደ ፊቱ ሰማያዊ ሆነና ቀጥ አለ! ሁለተኛውን ሰደድኩ፤ ቀጥ! ሦስተኛውን፤ ቀጥ! ኦፐሬቲንግ ሲስተማቸው ተራ በተራ ወደቀ።»

«እሱ ደግሞ ማነው?» አሉ አያ ይሻው።

«የኮምፒውተሩ ነፍስ ይበሉት። እሱ ከወደቀ የቀረው ቆርቆሮ ነው። አሥራ ሁለቱም ሰማያዊ ሆነው ሲያበሩ፣ በእግዚአብሔር እላችኋለሁ፣ ብርሃኑ ከጉና ጫፍ ላይ ታይቷል!»

«ልጄ፣ በጉና ጭጋግ እንኳን ያንተ መብራት ፀሐይዋም አትታይ።»

«ለዚያ ነው ሰዉ የተደነቀው!» አለ ፋንታው፣ ምንም ሳይደናገጥ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ ከጎታው ፊልም ሲጠይቅ ጎታው ወዲያው ከመለሰ ደግ ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ወይም ገመዱ ለአፍታ ተደናቅፎ መልሱ የዘገየ እንደሆነ ግን፣ ሰው ቢሆን «ቆይ፣ ይመጣል» ብሎ ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን መጠበቅ አያውቅም ነበርና ከነነፍሱ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። አጥፍቶ ማብራት ያነሣዋል። ተነሥቶ እጁን ወደ ጎታው ሲሰድ እንደገና ይወድቃል። ይህን ያህሉ እውነት ነው፤ ፋንታውም የነገራቸው ይህን ያህሉን ሳይጨምር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ጨመረ። ከባሕር ዳር በሦስት ላንድክሩዘር መሐንዲሶች መጡ አለ። ከጓዳው በር ላይ ቆመው ጎታውን አዩትና አማተቡ አለ። አንድ የውጭ አገር ሊቅ በስልክ ተገኝቶ ጉዳዩን ሲሰማ «ወንድሜ፣ ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ ባንተው እጅ ይሁን» ብሎ አለቀሰ አለ።

«በምን ቋንቋ ነው የተግባባችሁ?» አለች ፈንታነሽ።

«በሙያ ቋንቋ።»

«በሙያ ቋንቋ ነው እንዴ የሚለቀሰው?»

«ሙያ የሌለው ሰው አይገባውም።»

«አንተ ስታወራማ ይህ ፍል ውሃ ራሱ ይቀዘቅዛል» አለችና ሳቅ ሆነ። ከምሰሶው ሥር ያለችው ሴት ብቻ አልሳቀችም፤ ቀና ብላ ግን ተቀምጣለች።

«ታዲያ ምን አደረግሁ? የገበሬ ልጅ ነኝ!» ብሎ ፋንታው ደረቱን መታ። «ነቀዝ የገባበት ጎታ ምን ይደረጋል፣ አያ ይሻው?»

«እህሉ በጆንያ ይገለበጣል። ጎታው ይጠረጋል፣ አመድ ይነሰነሳል፣ በእበት ይለቀለቃል።»

«ይኸው! መሐንዲሶቹ ያጡትን እርስዎ አገኙት! እኔም ያንን ነው ያደረግሁት። ሠርጉን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩና ጆንያውን ደረደርኩት። ከዚያ ጎታውን ፎርማት አደረግሁት፤ ታጥቦ እንደተደፋ ሳሕን አጸዳሁት።» እዚህ ላይ ሲደርስ ፋንታው ሁልጊዜ ውሃ ይጠጣል። ዛሬም ጠጣ። «ከዚያ ነቀዙን በሁለት ጣቴ ያዝኩት።»

«ምን ያህላል?»

«ዶሮ!»

«ወይ ጉድ» አሉ አያ ይሻው፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ታረደ?»

«አሁን አይቀልዱ፣ ወደ ምርቃቱ ልገባ ነው።» ብርድ ልብሱን አስተካከለ፤ ፊቱን እንደ አሮጊት ሰብሰብ አደረገ። «እማማ ዓለሚቱ ከጎታው ወጡልኝ። መጀመሪያ ላይ አንዲት የማትረባ ነገር አሉ፤ እሷን ቆርጬ ጣልኳት—»

«ምን ነበረች?» አለች ፈንታነሽ።

«ተራ ነገር። ለታሪክ አትሆንም። የእኛ ሥራ እኮ የማይረባውን ቆርጦ መጣል ነው። ከዚያ ግን እንዲህ አሉ፦ ‹ልጄ ሸዋነሽ! እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ። የረገጥሽው ይለምልም፣ የጨበጥሽው ይበርክት። ክፉ የሚያይሽ ዓይን ይጭለም፣ ክፉ የሚያወራሽ አፍ ይታተም። ስምሽ እንደ ጉና ከፍ ይበል፤ ሲሳይሽ እንደ ጣና ይስፋ። በባዕድ አገር ያለቀሽው እንባ ባገርሽ ዝናብ ሆኖ ይውረድልሽ!›»

«አሜን!» አለ ዳሱ በሙሉ። አያ ይሻው ራሳቸውን ገልጠው «አሜን፣ ይደረግላት» አሉ። አምና ምርቃቱ ጉና ላይ ነበር የሚያልቀው። ጣና ዘንድሮ ነው የገባው። የእንባውና የዝናቡ ነገር ደግሞ ዛሬ እዚሁ ዳስ ውስጥ ከአፉ ወጣና ራሱን ፋንታውን ሆዱን አባባው።

«ልጅቱ ስትመጣ ፍላሹን ሰጠኋት። ከጉልበቴ ላይ ተደፋች፤ አንሡኝ ብትሉ አልነሣም አለች። ሴቱ እልል አለ፣ እልልታው መናኸሪያ ድረስ ተሰማ፣ ሹፌሮች ጥሩምባ ነፉ። ይህ ጉልበቴ ዛሬ የሚያመኝ ለምን ይመስላችኋል? የዚያን ቀን የተሳመው ነው!»

ሳቁና ምርቃቱ እየተቀላቀለ ሳለ፣ ከምሰሶው ሥር ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ ፋንታው፣ ፍላሹ ባዶ ነበር።»

ሴትዮዋ ብርድ ልብሷን ከቅንድቧ ገፋ አደረገች። ፋንታው ፊቷን በሕይወቱ ሁለት ጊዜ አላየውም፤ ያየው አንድ ጊዜ፣ ከባንኮኒው ማዶ ቆማ እጇን ስትዘረጋ ነው። ግን አወቃት።

«ሸዋነሽ ነኝ» አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለሌሎቹ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ጎረቤት የተሳሳተ መንገድ ሲጠቁም እንደሚያቃና ሰው ነው የምትናገረው። «ኮምፒውተሮቹ ሁለት ነበሩ። ከባሕር ዳር የመጣ ሰው አላየሁም። እልልታም አልነበረም፤ እኔም አልተደፋሁም። ፍላሹን በሁለት እጄ ተቀብዬ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ወንበር ፈልገው የተቀመጡት እርስዎ ነዎት።»

ምንጩ ብቻ ይንፈቀፈቃል።

«ስከፍተው ‹የእማማ ዓለሚቱ ምርቃት› የሚል ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ ሥር ምንም የለም። ሐሙሲት አስከፈትኩት። ባሕር ዳር አስከፈትኩት። ስሟ አለ፣ እሷ የለችም።»

ፋንታው የዚያ ቀን ነገር ትዝ አለው። ጎታውን አጽድቶ ሲያበቃ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ወደ ባዶው፣ ወደ ንጹሑ ጎታ ሰደደው። ኮምፒውተሩ እጁን እንደሰደደ ፊቱ ሰማያዊ ሆነና እንደ ድሮው ወደቀ። ያን ጊዜ ገባው። ነቀዙ ጎታው ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ የነበረው በሚዘግነው እጅ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መታ። ወደ ጆንያዎቹ ሮጠ። ሠርጎቹ ሁሉ በየስማቸው ተደርድረዋል፤ ሲገለብጥ ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ወድቆ ስማቸውን ብቻ ኖሯል ያሻገረው። ገበሬ አባቱ ጆንያ ሲቆጥር እያንዳንዱን በእጁ መታ መታ ያደርግ ነበር። እሱ ግን ስሙን አየና ሞልቷል አለ። በሩ ላይ ደግሞ ልጅቱ ቆማለች። ለሌላ ሰው ቢሆን አንድ ሺህ ውሸት ነበረው፤ ለእሷ ግን እውነትም ውሸትም አጣና ባዶውን ስም የቀዳበትን ፍላሽ ዘረጋላት። ለኮምፒውተሩ በሽታ የሚሆነው መጠገኛ፣ አፕዴት የሚሉት፣ ለወራት «ልጫን?» እያለ ስክሪኑ ላይ ሲጠይቀው ኖሯል፤ እሱ «በኋላ» እያለ ያሳልፈው ነበር። ያንን ቁራጭ እንዳሳለፈው። ከዚያ በኋላ ሲጭነው አለቀ፤ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ዳግመኛ አልወደቁም።

«ታዲያ ለምን ተመልሰሽ አትጮሂበትም ነበር?» አለች ፈንታነሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በለሰለሰ አፍ።

«መጥቻለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ይህንኑ ለሰው ያወሩ ነበር። እናቴን ያስመርቋታል፣ ሰዉም አሜን ይላል።» ሸዋነሽ ጣቶቿን ተመለከተች። «እኔም ቆሜ አሜን አልኩና ሄድኩ።»

አያ ይሻው «የኔ ልጅ» ብለው ቀሩ።

«ግን ጋሼ፣ እናቴ እንዲህ ረጅም አውርታ አታውቅም። ጣናንም አይታው አታውቅም። ስትመርቅ ‹ደህና ግቢ› ካለች በዛ ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ሲሉ እየሰማሁ፣ የትኛው የእሷ ነው እያልኩ ስፈልግ ነበር። ጓሮ ውስጥ የነበራችሁት እርስዎና እሷ ብቻ ናችሁ።»

ፋንታው ፈለገ። እሾሁን አነሣ፤ ከእሱ አፍ የወጣ መሰለው። ጉናን አነሣ፤ ጉና የእሱ ነው። እንቅፋቱ የማን እንደሆነ ጠፋው። በየዳሱና በየጠላ ቤቱ ሲጨምርበት፣ ሲጨምርበት፣ የአሮጊቷ ድምፅ ከታች የት እንደተቀበረ ዝቆ ማግኘቱ አልሆነለትም። ላብ ግንባሩ ላይ መጣ፤ ከውሃው ከወጣ ቆይቷል።

«አላውቀውም» አለ። ድምፁ ከጢሙም ከእሱም ያረጀ ነበር። «ሸዋዬ፣ የሷን ከኔ መለየት አልቻልኩም።»

«ያቺ ቆርጬ ጣልኳት ያሏትስ?»

«እሷማ ተራ ነገር…»

«እሷን ይንገሩኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ያችን ነገር ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ለማንም ነግሯት፣ አሳምሯት አያውቅም። ከጣላት ቦታ እንዳለች ተቀምጣለች።

«ካሜራውን አላዩም» አለ ፋንታው፣ ቀስ እያለ፣ አንድ ቃል እንዳይጨምር እየተጠነቀቀ። «እኔን ነው ያዩት። ነጠላቸውን ጎተት አደረጉና፣ ‹እንግዲህ ውጪ ስትወጪ ተከናነቢ፤ ብርድ ይመታሻል በላት› አሉ። ይችው ናት።»

ሸዋነሽ ብርድ ልብሷን መልሳ እስከ ቅንድቧ ሳበች።

«ሪያድ ብርድ የለም» አለች። «እሷ ግን አገር ሁሉ ጉና ይመስላት ነበር።»